ባሕር ዳር ላይ የሚከራየው ፉሪሶዴ፦ ልብሱ ደህና፣ አለባበሱ ገና

ለምርቃትና ለልደት ፎቶ የሀበሻ ቀሚስ ከሚያከራዩት የባሕር ዳር ስቱዲዮዎች አንዱ የጃፓን ኪሞኖም አምጥቷል። ዓይነቱ ፉሪሶዴ ነው፤ ያላገቡ ሴቶች የሚለብሱት፣ እጅጌው ረጅም የሆነው። ጃፓን ውስጥ ለአቅመ አዋቂ የደረሱ ወጣቶች በዓል የሚውለው በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ፣ በእኛ ገናና ጥምቀት መካከል ነው፤ ሴቶቹም በብዛት ይህንኑ ይለብሳሉ። ሕጋዊው ዕድሜ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ20 ወደ 18 ቢወርድም፣ አብዛኞቹ ከተሞች ዛሬም የሚጠሩት ሃያ የሞላቸውን ነው።

ልብሱ ያገለገለ ቢሆንም ሐር ነው። እጅጌው አንድ ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ቀለሙም አልደበዘዘም። ገበሩ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለ፤ ፎቶ ላይ ግን አይታይም።

ጣጣው ማልበሱ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ለናሙና ከተሰቀሉት ፎቶዎች ሁለቱ የቀኙን ጎን በላይ ደርበውታል። ለሴትም ለወንድም ከላይ የሚሆነው የግራው ነው፤ ቀኙን በላይ አድርገው የሚያለብሱት አስከሬን ነው። ጎጃም ውስጥ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣችን ሴት «ማን ሞተባት?» እንደምንለው መሆኑ ነው። በስልክ የፊት ካሜራ የተነሳ ፎቶም ተገልብጦ ከተቀመጠ ትክክለኛውን አለባበስ የተሳሳተ ያስመስለዋል፤ ሳይታተም ይታይ።

ሁለተኛው ቁመቱ ነው። ኪሞኖ የለባሿን ቁመት ያህል ይረዝማል፤ ትርፉ ወገብ ላይ በቀጭን የጨርቅ ማሰሪያ ታስሮ ይታጠፋል፣ እጥፋቱም ከመቀነቱ በታች ጥቂት ብቅ ይላል። እዚህ በመርፌ ቁልፍ ይይዙታል፤ ሐሩ እየተሳበ ይበሳል። ማሰሪያው ይጠየቅ፣ ሦስት አራት ይበቃል።

ኦቢ የሚሉት መቀነት ከአራት ሜትር ያልፋል፣ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቴ ይዞራል፣ ከፊት እንዳይጨማደድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይገባበታል፣ ከኋላ ደግሞ ትንሽ ትራስ ቋጠሮውን ይደግፈዋል። ትራሱ ከዕቃው ውስጥ ስለሌለ ቋጠሮው ፎቶው ሳይጋመስ ይወርዳል። ትንሽ ፎጣ ጠቅልሎ በሻሽ ማሰር ይተካዋል። ሌሎች ሁለት ፎጣዎችም ያስፈልጋሉ፤ ኪሞኖ ወገብ ቀጠን ብሎ እንዲታይ አይፈልግም፣ ጎድጎድ ያለው ተሞልቶ ሰውነቱ ቀጥ እንዲል ነው የሚፈለገው። የሀበሻ ቀሚስ የለመደች ልጅ «አወፈረኝ» ብላ ብታወልቀው ሥራው ሁሉ ፈረሰ ማለት ነው።

ፀጉር ወደ ላይ ይያዛል፤ አንገትጌው ከኋላ ቡጢ የሚያስገባ ያህል ይሳባልና ማጅራት መታየት አለበት። ሹሩባ ያምርበታል፣ ቅቤ ግን በዚያ ቀን አይሆንም። ከውስጥ ያለው ነጭ አንገትጌ ተፈትቶ የሚቀየር ቢሆንም ስቱዲዮው ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሜካፕ ቅባት ይዞታል። ከመክፈል በፊት እሱን ገልጦ ማየት ነው።

ጫማው ትንሽ ነው፤ ተረከዝ በጥቂቱ ቢወጣ ግን ነውር የለውም።

በ15 ደቂቃ እናለብሳለን ይላሉ። የለመደ እጅ እንኳ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት መያዝ፣ ሽንት ቤትም አስቀድሞ መሄድ ይሻላል። ለብሶ በባጃጅ ወደ ጣና ዳር መሄድ ለእጅጌው አደጋ ነው፤ እዚያው የሚነሱ ብቻ ይከራዩት። ለወንድ የሚሆን ሃካማ፣ ማለትም ከኪሞኖ በላይ የሚታሰረውን ሰፊ ሱሪ መሰል ልብስ፣ ገና አላመጡም።