ትልቅ ፎቶ ቤት ውስጥ ማተም፦ ኤፕሰን ፒ900 ፕሪንተርን ከገዛሁ በኋላ

ነገሩ የጀመረው በእማዬ ፎቶ ነው። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ያነሳኋት፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ። ሳሎኔ ውስጥ በትልቁ ልሰቅላት ፈለግሁና እዚሁ ሜሪላንድ ላለ አንድ ማተሚያ ቤት ሰጠሁ (ስሙ ይቅር)። ነጠላው አረንጓዴ፣ ፊቷ አመድ መስሎ መጣ። ድጋሚ አሳተምኩ፣ አሁን ደግሞ ቀላ። በቪዲዮ ሳሳያት «ምን ውስጥ ነከራችሁት?» አለችኝ። በቃ ራሴ አትማለሁ ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የመጠን ነገር። ብዙ ሰው ለቤት የሚገዛው «ትልቅ» ፕሪንተር ኤ3+ የሚያትመውን ነው፣ 33 በ48 ሴንቲሜትር ገደማ። ለአልበምና ለኮሪደር ይበቃል፣ ከሶፋ በላይ ሲሰቀል ግን ቴምብር ይመስላል። ቀጥሎ ያለው እስከ 17 ኢንች ስፋት ያለው ወረቀት የሚቀበለው ነው፣ ኤ2 (42 በ59 ሴንቲሜትር ገደማ) ያትማል። 24 ኢንቹን ተዉት፣ እሱ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል። ካሜራዬ አይበቃም ብላችሁም አትስጉ፦ 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ነው፣ በ240 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 240 ነጥብ) ስታትሙት 63 በ42 ሴንቲሜትር ይወጣዋል፣ ኤ2ን ይሞላል።

በ17 ኢንች ያመነታሁት በካነን ፕሮ-1000 እና በኤፕሰን ፒ900 መካከል ነበር። ካነኑ 12 የቀለም ካርትሬጅ አለው፣ እያንዳንዱ 80 ሚሊ ሊትር። ኤፕሰኑ 10፣ እያንዳንዱ 50 ሚሊ። በቀለሙ ብቻ ብሄድ ካነንን እገዛ ነበር። ግን 32 ኪሎ ይመዝናል፣ እኔ ደግሞ ሊፍት የሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ፒ900 15 ኪሎ ገደማ ነው፣ ብቻዬን ተሸክሜው ወጣሁ። አዎ፣ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ የመረጥኩት በደረጃ ምክንያት ነው። ጥቅል ወረቀት ላይ ረጅም ፎቶ ማተም የምትፈልጉ ከሆነ ካነኑ አይቀበልም፣ ኤፕሰኑ ለብቻው በሚሸጥ መያዣ ይቀበላል።

ያገለገለ ፒ800 (ከፒ900 በፊት የነበረውን) በርካሽ አገኘን የምትሉም አላችሁ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ከማት (ከማያብረቀርቅ) ወደ አንጸባራቂ ወረቀት በተሸጋገራችሁ ቁጥር ጥቁሩን ለመቀየር ቀለም ያፈሳል። ፒ900 ላይ ሁለቱ ጥቁሮች የየራሳቸው መውጫ ስላላቸው ይህ ጣጣ የለም።

አሁን ወደ ነጠላው። ማንም ያልነገረኝ ነገር ይኼ ነው፦ ፕሪንተሩ ነጭ ቀለም የለውም! የነጠላው ነጭ የወረቀቱ ነጭ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የገዛሁት ማብሪያ ኬሚካል ያለበት ወረቀት ላይ ነጠላው መስኮት አጠገብ ሲሆን ወደ ሰማያዊ አዘነበለብኝ፣ ከጥጥ የተሠራው ማት ወረቀት ላይ ግን ክሬም አለና እውነተኛ የሽመና ጥጥ መሰለ፣ የጥለቱ ክር ሳይቀር ይታያል። ለፊቷ ደግሞ መድኃኒቱ የወረቀቱ አምራች በነፃ የሚሰጠው አይሲሲ ፕሮፋይል ሆነ፣ ማለትም ቀለሙ በዚያ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚወጣ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ፋይል። እሱን ጭናችሁ፣ የኮምፒውተራችሁን ስክሪን ብርሃን ቀንሱ። «ፎቶዬ ጨልሞ ወጣ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ እንደ ስታዲየም መብራት የሚያበራ ነው።

ወጪው? አንዷ ካርትሬጅ ከ40 ዶላር በላይ ናት፣ በአሥር አባዙት። ከመጀመሪያው ቀለም ደግሞ ከፊሉ ገና አንድ ፎቶ ሳታትሙ ቱቦዎቹን ለመሙላት ይሄዳል። የተረፈ ቀለም የሚጠራቀምበት ሳጥንም ሲሞላ ይገዛል፣ ደግነቱ ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ።

ከዋጋው በላይ ግን ራሳችሁን ጠይቁ፦ በሳምንት አንድ ፎቶ አትማለሁ ወይ? እኔ ለሁለት ወር አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ቀለሙ አፉ ላይ ደርቆ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ሠራ። ጥፋቱ የራሴ ነው። በማጽጃው ደጋግሜ ሳጸዳ ስንት ፎቶ የሚያትም ቀለም እንደ ውሃ ፈሰሰ። አሁን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡናው እስኪፈላ ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ትንሽ ፎቶ አትማለሁ። በዓመት አራት ፎቶ ብቻ የምታትሙ ከሆነ አትግዙ፣ ፕሮፋይሉን የሚሰጣችሁ ደህና ማተሚያ ቤት ፈልጉ።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ወይም ለእህት ለወንድም ልላክ የምትሉ፣ ለእናንተ የኤፕሰን ባለ ታንክ ኤል18050 ይሻላል እላለሁ። ስድስት ቀለም ነው፣ ኤ3+ ላይ ይቆማል፣ ፀሐይ ላይ ከተሰቀለም እንደ ፒ900 ቀለም አይቆይም። ግን በጠርሙስ ስለሚሞላ ወጪው አያንገበግብም። ከአሜሪካ ማንኛውንም ስትልኩ ጀርባው ላይ 220 ቮልት እንደሚቀበል አይታችሁ ይሁን።

ለእማዬ አንድ ኮፒ በካርቶን ቱቦ ጠቅልዬ በሰው ላክሁላት። ነጠላዋን አየች፣ ጥለቷን አየች፣ ዝም ብላ ቆየችና «ፊቴ ላይ ያለችውን ማድያት ግን ማጥፋት አትችልም ነበር?» አለችኝ።