ከእድር ሰርዞ ለመለሰኝ ልጅ ምስጋና ይድረሰው

ይህን ጽሑፍ ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ዛሬ ግን ሳልጽፈው አላድርም።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ስሆን ከጠመኔ በቀር ሌላ መሣሪያ ይዤ አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቼ ግን «የተማረችው እሷ ናት» ብለው መዝገቡን ከነጭንቀቱ አሸከሙኝ። ከደብተር ወደ ኮምፒውተር የተሻገርነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ከመሐል ከተማ ያመጣነው ባለሙያ ሁለት ሃርድ ዲስክ በአንድ ሳጥን ገጥሞ «አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ፤ ከእንግዲህ ተኝታችሁ እደሩ» አለን። እኛም ተኝተን አደርን።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከመጠን ያለፈ ኃይል ይዞ መጣ። የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የእኛ ኮምፒውተር፣ ያ ሳጥንም ከነሁለት ዲስኩ አብረው ተቃጠሉ። ለካ ሁለቱም ከአንድ ሶኬት ነበር የሚጠቡት። በአንድ አልጋ የተኙ ልጆች ጉንፋን ሲይዛቸውም አብሮ ነው፤ ይህን የማውቅ እናት ሆኜ ስለ ዲስክ አለመጠርጠሬ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ የዞርኩትን መዞር አልነግራችሁም፤ ብቻ ትንሽ ልናገር። አንዱ የጥገና ቤት ሦስት ሳምንት «ነገ ይምጡ» እያለ በየጊዜው ሁለት ታክሲ አሳፈረኝ፤ በመጨረሻ ዲስኩን ሁለት ብሎን አጉድሎ መለሰልኝና የምርመራ ሒሳብ አስከፈለኝ። ሌላው ገና ሳያየው «መረጃው ለእናንተ ምን ያህል ያስፈልጋችኋል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልሴን ሰምቶ ነው ዋጋ የቆረጠው። ሦስተኛው ብዙ ይይዛል ብሎ የሸጠልኝ ፍላሽ ደግሞ ያስቀመጥኩበትን ፋይል ስሙን ብቻ ያሳያል፤ ሲከፍቱት ውስጡ ባዶ ነው። ቤቶቹን አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ገንዘቡስ ይሁን። በዚያው ሰሞን አንዲት የእድራችን እናት ዐረፉ። ገንዘብ ያዡ የስድስት ወር ውዝፍ አለባቸው ይላል፤ እኔ መክፈላቸውን አስታውሳለሁ፤ መዝገቡ ግን ተቃጥሏል። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ልጃቸው ነጠላዋን ዘቅዝቃ በተቀመጠችበት ደረሰኝ አምጪ አልናት። ተነሥታ የእናቷን ሳጥን መበርበር ጀመረች። ደረሰኞቹ ከዳዊታቸው ገጾች መካከል ተጣጥፈው ተገኙ፤ ስድስቱም ወር ተከፍሏል። ያን ቀን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይህን ልጅ ያገኘሁት እንዲህ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። የተቃጠሉትን ዲስኮች አገላብጦ አየና «እናቴ፣ ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ልሞክር ብዬ ገንዘብዎን አልበላም» አለኝ። አምስት ሳንቲም አልተቀበለኝም። ለካ ይህን ዓይነት መልስ ስፈልግ ነው አዲስ አበባን ያዳረስኩት!

ቀጥሎ የነገረን፣ መረጃው ሦስት ቦታ ይኑር፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ አይሁን፣ ቢያንስ አንዱ ሌላ ከተማ ይደር የሚል ነው። የእድሩ ዳኛ ተቆጡ፦ «የእድራችን ምስጢር ደብረ ዘይት ምን ሊሠራ ይሄዳል?» ቢሾፍቱ ማለታቸው ነው፤ እዚያ የምትኖር ልጅ አለችኝ። ልጁ በትዕግሥት አስረዳቸው። የሚሄደው ተቆልፎ ነው፤ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ ከእድሩ ካዝና ይቀመጣል፤ እሱ ከጠፋ እኔም ልከፍተው አልችልም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ላይ አንድ ትልቅ የመረጃ ማዕከል ተቃጥሎ፣ መጠባበቂያቸውን እዚያው ያስቀመጡ ሰዎች ባዶ እጃቸውን እንደቀሩም ነገራቸው። ዳኛው «ፈረንጅም እንዲህ ይሆናል?» ብለው ዝም አሉ። ተፈቀደ።

ጠፍቶ የነበረውን ለመመለስ ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት አብሮኝ ተቀምጦ፣ ከደረሰኝ ጥራዞቹ ላይ እየጠራልኝ እንደገና ጻፍን። የድሮ ደብተሮቹንም ገጽ በገጽ ፎቶ አነሣቸው። ይህ ሁሉ በኢንተርኔት እስኪሄድ ብዙ ቀን ይፈጃል ብሎ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ራሱ ይዞልን በአውቶቡስ ቢሾፍቱ ድረስ ሄደ። ልጄ ስትነግረኝ ዲስኩን በሹራቡ ጠቅልሎ እንደ አራስ ሕፃን ታቅፎት ነበር የገባው። አሁን ሌሊት ሌሊት የተለወጠው ብቻ በኢንተርኔት ይሄዳል፤ እንዴት እንደሚሄድ ግን እኔን አትጠይቁኝ።

የማልረሳው የመጨረሻውን ቀን ነው። ሥራው አለቀ ብዬ ሒሳብ ላወጣ ስል «ገና ነው። አሁን አንድ ሰው እናጥፋ» አለኝ። ማንን? «እርስዎን» አለኝ። አጠፋኝ። የ11 ዓመት መዋጮዬ፣ የባለቤቴ ለቅሶ የተመዘገበበት መስመር ሳይቀር ከፊቴ ሄደ። በስሜ ብፈልግ ኮምፒውተሩ የለም አለኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ግን «አሁን ከቢሾፍቱ ይመለሱ» ብሎ መዳፊቱን ለእኔ ሰጠኝ። በትልልቅ ፊደል በካርቶን ላይ የጻፈልኝን እያነበብኩ ስድስት ጊዜ ተጫንኩ። ተመለስኩ፤ የባለቤቴም መስመር ቀኑ ሳይዛባ እዚያው ነበር። መነጽሬን አውልቄ ስጠርግ አይቶ፣ ሻይ ላምጣ ብሎ ወጣ። ካርቶኑ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ነው።

ያ የመጀመሪያው ባለሙያ ሁለት ዲስክ ገጥሞልን ሄደ፤ አንድ ቀን እንኳ መልሳችሁ ሞክሩ አላለንም። ይህ ልጅ ግን ሥራውን ጨርሶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላም በየወሩ መጀመሪያ ይደውልልኛል፦ «እናቴ፣ በዚህ ወር አንድ ሰው መልሰዋል?» አልመለስኩም ካልኩት ስልኩን ሳይዘጋ ይጠብቀኛል።

እድር ያላችሁ፣ ክሊኒክ ያላችሁ፣ የሠርግ ፎቶ የምታነሡ፣ ሒሳባችሁን በአንድ ኮምፒውተር ያስቀመጣችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ መብራቱ ሄዶ ሳይመለስ በፊት ይህን ልጅ አግኙት። ደግሜ እላለሁ፣ አግኙት! ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለሚፈልግ ሁሉ እሰጣለሁ። ዋጋው አይጎዳም፤ ብትከራከሩት ግን እኔን ታስቀይሙኛላችሁ። ዓርብ በምሳ ሰዓት አትሂዱ፤ መስጊድ ነው።