«ቀስ በይ»፦ በሼፊልድ ኬርሆም የአፕረንቲስነት ዓመቴ

ኬር ሥራ፣ አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ፣ ልጀምር ነው ስል ብዙ ሰው ከንፈሩን መጠጠልኝ። «አይ ልጄ፣ የሰው ቆሻሻ ልታጥቢ?» አሉኝ አንዲት እናት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ። በክፋት አይደለም፣ አዝነውልኝ ነው። ያኔ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁን የሥልጠና ዓመቱን ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን ተቀብያለሁ። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም።

የጀመርኩት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2024 ነው። ቤቱ እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ውስጥ፣ ዳገት ላይ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ወደ ኋላ የማነሳው ቅሬታ አለ። ትምህርቱ አፕረንቲስነት ነው፤ «ሌቭል ቱ አደልት ኬር ወርከር» ይባላል፣ የአዋቂዎች ተንከባካቢ፣ ደረጃ ሁለት ማለት ነው። እየሠራችሁ ትማራላችሁ፣ እየተማራችሁ ደመወዝ ትቀበላላችሁ። ለትምህርቱ ከኪሳችሁ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ስለ ደመወዙ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ በጀመርኩበት ጊዜ ሕጉ ለአንደኛ ዓመት አፕረንቲስ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 6 ፓውንድ ከ40 ነበር። 21 ዓመት ለሞላው ሌላ ሠራተኛ ደግሞ 11 ፓውንድ ከ44። ይህ ልዩነት የቤት ኪራይ ነው። መጀመሪያ ያነጋገረኝ ቤት በ6.40 ሊቀጥረኝ ፈለገ። ሁለተኛው ሙሉውን እከፍላለሁ አለኝ። ሥራው ያው ነው፣ ሽንት ቤት መውሰዱም፣ ማጠቡም፣ ማልበሱም። ሁለተኛው ጋ ገባሁ።

ከዚያ በፊት ግን ዲቢኤስ አለ። የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ማለት ነው። እሱና የምስክር ሰዎቼ ደብዳቤ እስኪመጡ አምስት ሳምንት ጠበቅሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ኬር ሰርተፊኬት የሚባለው የጀማሪዎች ሥልጠና ነው። ያኔ 15 ክፍል ነበረው፤ እጅ ከመታጠብ ጀምሮ ጥቃት ሲደርስ እስከ ማሳወቅ። ይህን በኮምፒውተር ጨረስኩት። አይከብድም፣ ግን እውነቱን ለመናገር ከስክሪን ላይ የተማርኩት ሥራ የለም። ሥራውን የተማርኩት ከአንዲት ሴት ነው።

ከዚምባብዌ የመጣች ናት። በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታለች። ለሦስት ሳምንት ከእሷ ጎን እንድሆን መደቡኝ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነች እንድባል እሮጣለሁ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ፎጣ አመጣለሁ፣ መጋረጃ እከፍታለሁ። በሦስተኛው ቀን ክንዴን ያዝ አድርጋ «ቀስ በይ» አለችኝ። «አንቺ ስትሮጪ እሳቸው ይፈራሉ።»

እውነቷን ነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ በአንድ በኩል ስትሮክ የመታቸው። ግራ እጃቸው አይታዘዝም። ሹራብ ሳለብሳቸው በደህናው እጅ ጀምሬ፣ የታመመውን ለማስገባት ስታገል ፊታቸው ተኮማተረ። አሠልጣኜ ሹራቡን አውልቃ እንደገና ጀመረች። መጀመሪያ የታመመው እጅ ይገባል። እጅጌውን በራሷ እጅ ላይ ሰብስባ፣ ከውስጥ በኩል የእሳቸውን እጅ እንደ ሰላምታ ይዛ ቀስ ብላ ሳበችው። ከዚያ ደህናው ራሱ ገባ። ስታወልቂ ደግሞ በተቃራኒው፣ ደህናው ይቀድማል። ይቺን ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራበት ይችላል። አያቴን ሳለብሳት ስንት ጊዜ አሳምሜያት ይሆን ብዬ ያን ቀን አመመኝ።

እኚህ እናት በወጣትነታቸው «በፈር ገርል» ነበሩ። ሼፊልድ የብረት ከተማ ነው፤ የማይዝገው ብረት፣ ስቴይንለስ ስቲል፣ በ1913 የተገኘው እዚሁ ነው። ማንኪያና ቢላ እያፋጩ የሚያብረቀርቁት ደግሞ በፈር ገርል የሚባሉት ሴቶች ነበሩ። ጥቁር አቧራው እንዳይበላቸው ልብሳቸው ላይ ወረቀት ይጠቀልሉ ነበር። እኚህ እናት ምሳ ሲቀርብላቸው ገና ማንኪያውን በደህናው እጃቸው ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። የሠሪውን ማኅተም ይፈልጋሉ። ካልጣማቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይህን ኬር ፕላናቸው፣ የእንክብካቤ ዕቅዳቸው፣ ላይ የጻፈው አልነበረም። እኔ አስጻፍኩት። አዲስ ሠራተኛ መጥቶ «መብላት አልፈለጉም» ብሎ ሳህኑን እንዳያነሳባቸው።

ስለ ማብላት ሳልናገር አላልፍም። እኛ ጉርሻ የምናውቅ ሰዎች ነን፣ ማብላት ምን ያስተምሩናል ብዬ ነበር። ብዙ ነገር አስተማሩኝ። በእኛ ቤት ጉርሻው ሲተልቅ ፍቅሩ ይተልቃል። መዋጥ ለከበደው ሰው ግን ትልቅ ማንኪያ ትንታ ነው፣ ትንታው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማንኪያው ግማሽ ብቻ ይሞላል። ትቀመጫለሽ፣ ዓይንሽ ከዓይናቸው ትክክል ይሆናል። ምን እንደሆነ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ድንች ነው፣ ዶሮ ነው። ከዚያ ጉሮሯቸውን እያየሽ ትጠብቂያለሽ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል ዋጡ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው። ለአንዳንዶቹ ሻዩም ሳይቀር በዱቄት ይወፍራል፤ የምግቡና የመጠጡ ልክ ከ0 እስከ 7 በቁጥር የተቀመጠ ነው፣ ለመጠጥ እስከ 4፤ በግምት አይሆንም። አንድ ሰው ለማብላት አርባ ደቂቃ የፈጀብኝ ቀን አለ። ማንም አልተቆጣኝም። ለዚህ ቤቱን አመሰግናለሁ።

እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል ብዬ ነበር የገባሁት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት «ፔኒ ማውጣት እፈልጋለሁ» አሉኝ። «ስፔንድ ኤ ፔኒ» ነው ያሉት። ቦርሳቸውን አመጣሁላቸው። ደግመው አሉኝ። ሳንቲም ፈልጌ ሰጠኋቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሉኝ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ወዲያው ወንበሩ ሲረጥብ አየሁ። ለካ ድሮ የሕዝብ ሽንት ቤት በር የሚከፈተው አንድ ፔኒ ሲገባበት ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ሽንቴ መጣ ላለማለት እንዲህ ይላል። ሴትየዋ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ። አጥቤ፣ ለውጬ፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ደብተር ይዤ የሽማግሌዎቹን ቋንቋ እጽፋለሁ። ሥልጠናው ይህን አያስተምርም፣ ቢያስተምር ግን ብዙ ሰው ከማፈር ይድናል።

ሌላው የቸገረኝ ስም ነው። እዚህ ሰውን በስሙ ብቻ ነው የሚጠሩት። የ91 ዓመት አባት በባዶ ስም ልጥራ? አንደበቴ እምቢ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ስም ሳናግራቸው ቆየሁና እሳቸው ራሳቸው «ስሜ ጠፋሽ እንዴ?» አሉኝ። አስረዳኋቸው። በእኛ ቋንቋ ለታላቅ ሰው እርስዎ እንላለን አልኳቸው። ቃሉን አስተምሪኝ ብለው ደጋግመው አስባሉኝ። «እርስዎ» ማለት አልሆነላቸውም፣ ግን በየማለዳው ይሞክሯታል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። እኔ በጀመርኩበት ጊዜ በነበረው ደንብ መሠረት ሙሉ ጊዜ የሚሠራ አፕረንቲስ በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 6 ሰዓት ለትምህርት ብቻ ሊሰጠው ይገባ ነበር፣ በሥራ ሰዓት፣ ከነክፍያው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይህን ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ልቀመጥ ስል «ዛሬ ሰው ጎድሎናል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይጎድላል። ግን እኔን ሠራተኛ አድርጎ ቆጥሮ፣ ትምህርቴን ሌሊት በስልኬ እንድጨርስ መተው ልክ አይደለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ ውዬ፣ እግሬ እያበጠ፣ ፖርታል የሚሉት ድረ ገጽ ላይ ስጽፍ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ያዳነችኝ ከኮሌጁ የምትመጣው አስተማሪ ናት። የሰዓት መዝገቤን አየችና ከመጦሪያው ማናጀር ጋር ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ረቡዕ ጠዋት የእኔ ሆነ፣ ማንም አልነካውም። እናንተ ግን ሁለት ወር አትጠብቁ። ስትገቡ የምትፈርሙት ትሬይኒንግ ፕላን፣ የሥልጠና ዕቅድ፣ አለ። ቀኑና ሰዓቱ እዚያ ላይ ይጻፍ።

እንግሊዝኛና ሒሳቡ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 19 ዓመት ለሞላው ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፣ ከቀጣሪው ጋር ተስማምቶ መተው ይቻላል። እኔ አልተውኩትም። ሪፖርት ስጽፍ ጠቅሞኛል።

እንደ ሥልጠና ካየሁት ትልቁን ነገር ያገኘሁት በሞት ቀን ነው። እኚያ የ91 ዓመቱ አባት በየካቲት አረፉ። ነርሷ ካረጋገጠች፣ ቤተሰብ ከተነገረው በኋላ አሠልጣኜ «ትገቢያለሽ? ካልቻልሽ ግድ የለም» አለችኝ። ገባሁ። መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተችው። ለብ ያለ ውሃ አመጣች፣ ለሞተ ሰው፣ ለብ ያለ። ፊታቸውን ስታጥብ ታናግራቸዋለች። «አሁን ጆሮዎን ነው። አሁን ወደዚህ ላዞርዎት ነው፣ እሺ?» በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፣ እኔ ግን በእርስዎ ነው የሰማኋት። ገላቸውን በፎጣ እየሸፈነች፣ የምታጥበውን ብቻ እየገለጠች፣ ልክ በሕይወት እንዳሉ። ጸጉራቸውን እኔ አበጠርኩ። አገር ቤት ገነዛ የሚሠሩትን እናቶች ከሩቅ አይቼ አውቃለሁ፣ አልቀርብም ነበር። እዚህ ቀረብኩ።

ለማን ይሆናል? ሰውነቱ ለሚችል፣ ትዕግሥት ላለው፣ ሌሊትና እሑድ መሥራት ለማይከብደው። ወገብ ይጎዳል የሚሉት አለ፤ ሆይስት የሚባለውን ማንሻ ሁለት ሆናችሁ ከተጠቀማችሁና በጉልበት ካላነሳችሁ ይጠበቃል። የስደተኛነት ፈቃድ ያገኘ ሰው ለትምህርቱ ድጋፍ ብቁ ነው፣ የተማሪ ቪዛ ያለው ግን አይሆንም። ኢትዮጵያ ሆናችሁ ለምታነቡ ደግሞ አንድ ነገር። እንግሊዝ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ከውጭ አገር ለሚመጣ ኬር ሠራተኛ አዲስ ቪዛ መስጠት አቁማለች። አፕረንቲስነቱም እዚህ ላለ ሰው እንጂ መምጫ መንገድ አይደለም። «የኬር ቪዛ አስጨርሳለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ እባካችሁ አትስጡት።

ቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ከተቻለ በምሳ ሰዓት ሂዱ። ቤቱን አሳዩኝ በሉ፣ ያሳያሉ። መመገቢያ ክፍሉ በር ላይ ትንሽ ቁሙና የሚያበላውን ሰው እዩት። ቆሞ ነው የሚያበላው ወይስ ተቀምጦ?