ስሙ የተቀየረ ግራፊክስ ካርድ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር ለምትገጣጥሙ ማስጠንቀቂያ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በገዛ እጃችሁ ለመገጣጠም ዕቃ በማሰባሰብ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ለግራፊክስ ካርድ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋባይት፣ አዲስ» ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ፣ ተፈትቶ ሲታይ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጂቲኤስ 450 ሆኖ ተገኝቷል። የገዛሁበት ገንዘብ ለወራት ከደመወዜ ላይ እየቀነስኩ ያጠራቀምኩት ስለነበር ጉዳዩ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የማጭበርበሪያው ዘዴ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ባዮስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ የካርዱን ስምና የሜሞሪውን መጠን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው እሱ ነው። አጭበርባሪዎቹ ያረጀ ካርድ ይወስዱና ይህን ፕሮግራም ለውጠው የአዲሱን ካርድ ስም ይጽፉበታል፤ ከዚያም አዲስ ተለጣፊ ለጥፈው በካርቶን ያሽጉታል። ዊንዶውስም የተነገረውን ስም ተቀብሎ ያሳያል። ሻጩ ካርዱን ፊት ለፊቴ ሰክቶ፣ የተገጠሙ ዕቃዎችን ዝርዝር የሚያሳየውን የዊንዶውስ ገጽ፣ ዲቫይስ ማኔጀርን፣ ከፍቶ ስሙን ሲያሳየኝ ያመንኩት በዚህ ምክንያት ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኩዳ ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች) ሲኖረው፣ ጂቲኤስ 450 ያለው 192 ብቻ ነው፤ የእኔው ካርድ ሜሞሪም 4 ሳይሆን 1 ጊጋባይት ነበር።

ቤት ወስጄ ስገጥመው ምልክቶቹ አንድ በአንድ መታየት ጀመሩ። በጎኑ ላይ የአናሎግ ምስል የሚወጣበት ሰማያዊው የቪጂኤ ሶኬት አለ፤ የካርዶቹ ሠሪ ኩባንያ ኤንቪዲያ ግን ከ1050 ቲአይ ትውልድ ጀምሮ በካርዶቹ ላይ የአናሎግ ምስል ማውጣት ትቷል። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ባለ 6 ፒን ገመድ ካልተሰካለትም አይሠራም፤ እውነተኛው 75 ዋት ብቻ ስለሚወስድ አብዛኛውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው ኃይል ይበቃዋል። ከኩባንያው ድረ ገጽ ያወረድኩትን አዲስ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ስጭን ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ። ደውዬ ስጠይቅ ሻጩ «ወንድሜ፣ ድራይቨሩን አታዘምነው፤ የሰጠሁህን ሲዲ ብቻ ተጠቀም» አለኝ። ይህን ምክር የሰጣችሁ ሻጭ ካለ ካርዱን ወዲያውኑ መልሱለት።

በመጨረሻ ጂፒዩ-ዜድ የተባለውን የግራፊክስ ካርድ መረጃ የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም አውርጄ ከፈትኩት፤ ከካርዱ ስም ፊት በቅንፍ «ፌክ» (ሐሰተኛ) የሚል ቃል፣ በአርማው ቦታም የማስጠንቀቂያ ምልክት አወጣ። ይህ መለያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.12 እትም የተጨመረ ስለሆነ አሮጌ እትም አትጠቀሙ። እኔ በዚህም አልረካሁም ነበርና ማቀዝቀዣውን የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቼ፣ የደረቀውን ነጭ ቅባት አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግኩት። ከሥሩ የወጣው ቺፕ ላይ በግልጽ የተጻፈው ጂኤፍ106 ነው፤ በ1050 ቲአይ ላይ መጻፍ የነበረበት ጂፒ107 ነው።

አሮጌ ካርድ መሸጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ለቢሮ ሥራ የሚበቃ አሮጌ ካርድ በስሙና በዋጋው ቢሸጥልኝ ኖሮ ቅሬታ አይኖረኝም ነበር።

ካርዱን ይዤ ስመለስ ሻጩ ግድግዳው ላይ ወደ ተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ወደሚለው ወረቀት አመለከተኝ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ግን በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የእኔ ትልቁ ስህተት «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ሲባል መስማማቴ ነው፤ ያችን የቫት ገንዘብ አተርፋለሁ ብዬ ከዚያ ሱቅ መግዛቴን የማሳይበትን ብቸኛ ማስረጃ በገዛ ፈቃዴ አጣሁ።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ጂፒዩ-ዜድን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ በሻጩ ኮምፒውተር ላይ የተጫነውን ሳይሆን የራሳችሁን ክፈቱ። ሻጩ ፍላሻችሁን አላስገባም ካለ ሌላ ሱቅ ፈልጉ። የካርዱ ሙሉ ስምና የሜሞሪው መጠን በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ «የኮምፒውተር ዕቃ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደረሰኝ ምን እንደገዛችሁ አያስረዳም። ካርድ ገዝታችሁ ገና 15 ቀን ያልሞላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ፈትሹት፤ ፕሮግራሙ የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁም ከደረሰኛችሁ ጋር አስቀምጡት።