ሶሌታችን ላይ የበቀለው ቆስጣ

ደሴ ውስጥ ፎቅ ተብሎ ተጀምሮ ምድር ላይ የቀረ ቤት ሞልቷል። የኛም አንዱ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ተሞልቶ፣ ፌሮው ወደ ሰማይ ቆሞ፣ «ለከርሞ እንቀጥላለን» ስንል ስምንት ዓመት ሞላን። እስከዚያ ልብስ ማስጫ ነበር። አምና ጣሪያ ላይ አትክልት የሚያለሙ ልጆች ጠራሁ። በ27 ሺህ ብር ዘጠኝ የጣውላ ሳጥን ከነአፈሩና ከነችግኙ ሠሩልኝ።

ስለ ጎመኑና ስለ ቆስጣው አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ብርዳችን ተስማምቷቸዋል። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ እናቴ ወጥታ ቀጥፋ ትወርዳለች። ቃሪያውን ግን የኅዳር ውርጭ ጨረሰው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ሳቀችብኝ። እሷ ጋማ ይሞቃላ!

ቅሬታዬ አፈሩ ላይ ነው። ያመጡት ጥቁር ዋልካ ነበር። ዋልካ አንዴ ውሃ ከጠጣ ቶሎ አይለቅም። 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አፈር በካሬ ከ300 ኪሎ በላይ እንደሚመዝን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ «አይከብድም ወይ?» ብል አለቃቸው «አብሽሩ እትዬ፣ ኮንክሪት እኮ ነው» ብሎኝ አለፈ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሲዘንብ አደረ። አፈሩ ታጥቦ የውሃ መውረጃውን ደፈነው። ሶሌታው ገንዳ ሆነ። ውሃው በፌሮው ሥር ሰርጎ ሳሎን ኮርኒስ ላይ የሻይ መልክ ያለው ክብ ሣለ። አሁንም አለ። እንግዳ ሲመጣ ቀና ባላለ እላለሁ።

ደውዬ ስጮህባቸው በማግስቱ መጡ፤ ይህን አልክድም። ሳጥኖቹን ከመሃል አንስተው ሶሌታውን የሚሸከመው ቢም ባለበት ደረደሯቸው። ውሃ እንዲያልፍ ከሥራቸው ብሎኬት አስገቡ። መውረጃው አፍ ላይ ወንፊት ሽቦ አሰሩ፣ ስንጥቁን በካትራሜ ደፈኑ። ዋልካውን አውጥተው ብስባሽ፣ ቀይ አፈርና ፑሚስ የሚባለውን ቀላል ድንጋይ ቀላቅለው ሞሉ። ተጨማሪ ብር አልጠየቁም። የኮርኒሱ ቀለም ግን በራሴ ነው፤ እሱ ላይ አልተስማማንም።

በበጋ ውሃ ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ነው። ሰፈሩ ቧንቧ ውሃ ቢባልም ቧንቧው በፈለገው ቀን ነው የሚመጣ። ሁለት ጀሪካን ይዞ ደረጃ መውጣት ማለት 40 ኪሎ ነው፤ ወገቤ ያውቀዋል።

ለመስከረም ሦስት ሳጥን ላስጨምር ነው፣ እነሱኑ። አሁን ግን አፈሩ ሲራገፍ ቆሜ አያለሁ።