ልደታ አካባቢ ላሉት አቤቱታ ጸሐፊ ምስጋናዬና ጥቆማዬ

በቃል ብቻ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ወይም «አትምጪ» የተባላችሁ ሠራተኞች፣ ወይም እንዲህ የደረሰበት ወንድም እኅት ያላችሁ፣ ይህን ብታነብቡልኝ ደስ ይለኛል። የማመሰግናቸው ሰው ጠበቃ አይደሉም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ይዘው አቤቱታ የሚጽፉ አዛውንት ናቸው። ስሜን በአደባባይ አታውጪ ስላሉኝ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

የአንድ ምግብ ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ካገለገልኩ በኋላ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬን በመጠየቄ አለቃዬ ማታ ስልክ ደውሎ አሰናበተኝ። ደብዳቤ የለም፣ ምክንያት የለም። ወደ ጋሼ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት። የአለቃዬን ክፋት ከሥር መሠረቱ ልተርክላቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝና «የእሱን ጠባይ ተይው፤ ያሰናበተሽ መሆኑን በምን ታስረጂያለሽ?» አሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ ለአምስት ቀናት ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ከቀረ፣ አሠሪው ወዲያውኑ እንዲያሰናብተው ይፈቅዳል። በቃል የተባረረ ሰው ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ሲቀመጥ አንዳንድ አሠሪ «ጠፋች» ብሎ ማስጠንቀቂያ በሰሌዳ ይለጥፋል። ከዚያ ወዲያ ተባርሬ ነው ማለት አቀበት ነው። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ በማግስቱ እንደ ወትሮው በሥራ ሰዓት በሩ ላይ እንድገኝ፣ ብቻዬንም እንዳልሄድ አዘዙኝ። ጥበቃው እንዳላስገባ ታዝዣለሁ ሲለኝ ሰዎች ሰሙ። «ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ ተሰናብቼ ከሆነ ምክንያቱና ቀኑ በጽሑፍ ይሰጠኝ» የሚለውን ማመልከቻዬን መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ሲል በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላክሁት። ድርጅቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሰጠው መልስ ደግሞ ጋሼ የገመቱት ሆነ፦ በራሷ ፈቃድ ለቃ ሄዳለች። የፖስታው ደረሰኝና ምስክሮቼ ባይኖሩ ምን እል ነበር?

አቤቱታውን ከመጻፋቸው በፊት መመለስ እንደምፈልግ ወይስ ክፍያ ጠየቁኝ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ፣ ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ከዚያ አለቃ ጋር ዳግም መዋል ስላልፈለግሁ ክፍያውን መረጥኩ። ስሌቱን በእርሳስ ሠርተው አሳዩኝ፦ ለሕገወጥ ስንብቱ የ180 ቀን ደመወዝ ካሣ፣ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ የሚታከልበት የስንብት ክፍያ፣ በላዩ ላይ ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ። የሥራ ልምድ ማስረጃም እንድጠይቅ አስታወሱኝ፤ እኔ ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር።

የተናደድኩባቸው ትርፍ ሰዓቱ ላይ ነው። ለዓመታት በደብተር የመዘገብኩትን ይዤ ብሄድ ከስድስት ወር በፊት ያለውን ሁሉ ሰረዙት። ጋሼ ዘንድ ከነበረው ወረፋ የተነሣ መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሌላ ጸሐፊ ሁሉንም ጨምሪ፣ የሞራል ካሣም እናስገባ ብሎኝ ነበርና ጋሼ ገንዘቤን ያስቀሩብኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ጊዜው ያለፈበትን ብትጠይቂ ለተቃዋሚሽ መከራከሪያ ትሰጫለሽ እንጂ ሌላ አታገኚም አሉኝ። በገጽ እየተከፈላቸው አቤቱታዬን በሁለት ገጽ የጨረሱ ሰው ናቸውና አመንኳቸው።

ከእኔ በፊት የነበሩ አንድ ሰውዬ ደግሞ የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። ጋሼ ሥልጣናቸውን ጠይቀው ሲያበቁ «እርስዎ የሥራ መሪ ነዎት፤ ይህ አዋጅ አይመለከትዎትም፣ ጉዳይዎ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው» ብለው ጠበቃ እንዲይዙ መከሩ፤ ሳንቲም አልተቀበሏቸውም።

የዳኝነት ክፍያ ሳልጠየቅ ክሴን አቀረብኩ፣ ችሎቱም ስንብቱ ሕገወጥ ነው ብሎ የጠየቅሁትን አብዛኛውን ወሰነልኝ። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል ሲገባው ስለዘገየ ተጨማሪ የአንድ ወር ደመወዝም ታክሎልኛል። ሕጉ እስከ ሦስት ወር ይፈቅዳል።

የጋሼን ቦታ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቁጡ ናቸው፣ ወሬ ሲረዝም ያቋርጣሉ፤ አትቀየሟቸው። የቅጥር ውላችሁን፣ የደመወዝ መክፈያ ወረቀትና መታወቂያ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ውል በእጃችሁ ባይኖርም አትቅሩ። ጠዋት ስልክ ስለማያነሡ ከሰዓት በኋላ በአካል መሄድ ይሻላል።