አሮጌ የናፍጣ መኪና፦ በራስ እጅ ወይስ በጋራዥ?

የናፍጣ ፊልትሮ ለመለወጥ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ማሰር፣ የአየር ማስወጫውን ብሎን አላልቶ የእጅ ፓምፑን ደጋግሞ መጫን ነው፤ አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ ሲወጣ ብሎኑ ይጠብቃል። በመስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ ሞተሩ አይነሳም። ስንቱ ባለመኪና ይህን ሳያውቅ ባትሪውን በከንቱ ጨርሷል! የሞተር ዘይትና የአየር ማጣሪያም የባለቤቱ ሥራ ናቸው።

ኢንጀክተር፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል፣ ግን ሌላ ነው። በአሮጌ ሞተር እንኳ ናፍጣው ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል፤ ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል። ግፊቱንና አረጫጨቱን ለማየት የመሞከሪያ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ ለባለሙያ መስጠትን እመርጣለሁ፤ ገንዘቡም አይቆጨኝም። ሞተሩ ጠዋት ብቻ አልነሳ የሚል ከሆነ ግን አስቀድሜ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን፣ ማለትም ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሳ የሚያሞቁትን፣ በኦም መለኪያ እፈትሻለሁ።